የጉድጓዱ ውሃ የማን ነው?

(ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች ሞጣ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃ ነው። ውሃ ከደመና እንደሚወርድ፣ ወደ ባሕር እንደሚሄድ፣ ተመልሶም ደመና እንደሚሆን ከዚህ በፊት አንብባችኋል። የዛሬው ጥያቄ ከዚያ ይለያል። ምንጩን ማን ይጠብቀው? ፓምፑ ሲሰበር ማን ይጠግነው? ገንዘቡንስ ማን ይያዘው? መንግሥት ነው? ነጋዴ ነው? ወይስ የመንደሩ ሰው ራሱ ነው?

ጥያቄው እንዲያው ለወግ ያህል የተነሣ አይደለም። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣነው ወጣቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ተሳስተናል። ስለዚህ አስቀድመን ስሕተታችንን እንናገር።

ወደ ገጠር በወጣን በመጀመሪያው ወር፣ ባረፍንበት መንደር አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እጀታው ሲነቀነቅ ቢያረፍድ ውሃ አልወጣ አለ። ሰዎቹ ወደ እኛ መጡና፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ምን ይሻላል?» አሉን። እኛም ሳናመነታ፣ «ፓምፑ የመንግሥት ነው፤ ለመንግሥት ማመልከት ነው» አልን። ማመልከቻ ጻፍን። ምን የመሰለ ማመልከቻ! ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ 30 ሰው የፈረመበት። ከ30ው ሰው 11ዱ በገዛ እጁ ስሙን ስለ ጻፈ፣ እኛ በፓምፑ ማዘናችን ቀርቶ በፊርማው ስንደሰት ሰነበትን።

አንድ ወር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። መልስ የለም። እናቶች ወደ ድሮው ወንዝ ተመለሱ። ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ዳገቱ ጀሪካን ተሸክሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። 20 ሊትር ውሃ የሚይዝ ጀሪካን 20 ኪሎ እንደሚመዝን እኛ በመጽሐፍ ነው የምናውቀው፤ እናቶች በጀርባቸው ያውቁታል። ማታ ማታ ለትምህርት ይመጡ የነበሩት 14 ሴቶች 5 ብቻ ቀሩ። እኛ ግን፣ «ሴቶቹ ለምን ሰነፉ?» ብለን ስንጠያየቅ ከረምን። የምንጠጣውን ውሃ ማን እንዳመጣልን እንኳ ሳንጠይቅ!

በዚህ መካከል በጓሮው ጉድጓድ የቆፈረ አንድ ሰው ነበር። መጀመሪያ ለጎረቤት በነፃ ይሰጥ ነበር። ሰልፉ ሲበዛ፣ ጓሮው ሲጨቀይ፣ ባልዲው ሲሰበር ግን በጀሪካን ማስከፈል ጀመረ። ያለው ገዛ፣ የሌለው ወንዝ ወረደ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። «እግዜር የሰጠው ውሃ እንዴት ይሸጣል?» ያሉ ነበሩ። «ሰውየው ጉልበቱንና ገንዘቡን አፍስሶ ነው የቆፈረው፤ ምን አጠፋ?» ያሉም ነበሩ። እኛም ማታ ማታ በዚሁ እንከራከር ነበር። ክርክራችን ረጅም ነበር፤ ውሃ ግን አላወጣም።

በሦስተኛው ወር አንድ ፓምፕ ጠጋኝ ወደ ሞጣ ገበያ ሲሄድ በመንደሩ አለፈ። ለምነን አስቆምነው። ፓምፑን ፈታ፤ ዘንጉን አንድ በአንድ እየመዘዘ አወጣ፤ ከታች ያለችውን ጎማ አሳየን። ጎማዋ አልቃለች። ከቦርሳው አዲስ ጎማ አውጥቶ አስገባና መልሶ ገጠመው። የፈጀበት ጊዜ ቡናው ከአቦል ተነሥቶ በረካ እስኪደርስ ነው። የጎማዋ ዋጋ ከአንድ ዶሮ ዋጋ ያንሳል። ውሃው ግልብጥ ብሎ ሲወጣ እናቶች እልል አሉ። እኛ መሬት መሬት አየን።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ላም ብትታመም እኮ ለወረዳ ጽፈን ቁጭ አንልም» አሉን።

እኝህ አባት የተናገሩትን ደጋግመን አሰብነው። ላም ብትታመም ባለቤቷ አይተኛም። ፓምፑ ታሞ ሦስት ወር የተኛው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ነው። መንግሥት «ለሕዝቡ አስረክቤዋለሁ» ይላል፤ ሕዝቡ «የመንግሥት ነው» ይላል። እኛ ደግሞ መሐል ገብተን ማመልከቻ እንጽፋለን። የሁሉ የተባለ ነገር የማንም ሳይሆን የሚቀረው እንዲህ ነው። ይህ የአንድ መንደር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2003 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የውሃ ተቋማት ሲቆጠሩ ከ4 ተቋም 1 ያህሉ ሳይሠራ ነው የተገኘው። ተቆፍሮ፣ ተገንብቶ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ኋላ የተበላሸ ማለት ነው።

ይህን ስንል የሰባራ ድልድይ ነገር ትዝ ይላል። ከሞጣ ወደ አባይ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ከ60 ዓመት በላይ ሰው በገመድ እየታሰረ፣ ከወዲያና ከወዲህ እየተሳበ በገደሉ ላይ ተሻገረ። በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ፤ በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. በብረት ገመድ የተንጠለጠለ መሻገሪያ ተሠራለት። ገመድ ይስቡ የነበሩት ጎበዞች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን 60 ዓመት ሙሉ «ይህ የኔ ድልድይ ነው፤ እኔ እጠግነዋለሁ» የሚል ባለቤት አልነበረውም።

እዚህ ጎጃም ውሃ የለም የሚል የለም። አባይ አገሩን እንደ ቀለበት ዞሮታል። ከጮቄ ተራራ ጨሞጋ ይወርዳል፣ ሙጋ ይወርዳል፣ ሱሃ ይወርዳል። በክረምት ጎርፍ እንጂ ጥማት አያስፈራንም። ችግራችን ንጹሑን ውሃ ከሰው ቤት አጠገብ አድርሶ፣ ዓመት እስከ ዓመት እንዲፈስ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሠሪ ይፈልጋል፣ ወጪ አለው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ውሃው የማን ነው?

ሕጉን እንይ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ የውሃ ሀብት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ከዚህም ሌላ፣ ከማናቸውም አገልግሎት በፊት ለቤት ፍጆታ የሚሆን ውሃ ቅድሚያ አለው ይላል። ሰው ሳይጠጣ መስኖ አይጠጣም፣ ፋብሪካ አይጠጣም ማለት ነው። ይኸው አዋጅ ሰው በእጁ ጉድጓድ ቢቆፍርና ውሃውን ቢጠቀም ፈቃድ አያስፈልገውም ይላል። ከውሃ ሀብት ቀድቶ ለሌላ ማቅረብ ግን ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ የጓሮው ሰውዬ ጉድጓድ በመቆፈሩ ምንም አላጠፋም። ኧረ እንዲያውም ሊመሰገን ይገባል! እያንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮው ንጹሕ ጉድጓድ ቢኖረው ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከመሬት በታች ያለው ውሃ የጓሮ አጥር አያውቅም። የእሱ ጉድጓድና የጎረቤቱ ጉድጓድ የሚጠጡት ከአንድ ማድጋ ነው። ባልዲው የእሱ ነው፣ ገመዱ የእሱ ነው፣ ድካሙ የእሱ ነው፤ የውሃው ሀብት ግን የሁላችን ነው። የድካሙን ዋጋ ቢጠይቅ ያስኬዳል። በሰው ጥማት ላይ እንዳሻው ዋጋ ቢቆልል ግን አያስኬድም። እኛ ማታ ማታ ስንከራከር ያልለየነው ይህንን ነበር።

አባቶቻችንስ ይህን መች አጡት? በመስኖ በሚያርሱ አገሮች «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። የሚመርጡት ውሃውን የሚጠቀሙት ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው። ተራ ያወጣል፤ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይነግራል፤ በሌሊት ውሃ የሚሰርቀውን ይቀጣል። ውሃው የውሃ አባት ነው ያለ ሰው ግን የለም፤ እሱም «የኔ ነው» አይልም። ጠባቂ ነው። ሥራው ከከፋም ይወርዳል። የመንግሥት ደመወዝተኛ አይደለም፣ ነጋዴም አይደለም። ታዲያ ለመስኖ ይህን ያህል ብልሃት ያለው ሕዝብ ለመጠጥ ውሃ ሲሆን ለምን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? መስኖው የወንድ ሥራ፣ መጠጡ የሴት ሸክም ተደርጎ ስለ ተቆጠረ ይመስለናል። ይህን ስንል የምትስቁ አባቶች አላችሁ፤ እናቶች ግን አልሳቁም።

አሁን በአማራ ክልል ስለ ተሠራ አንድ ነገር እንንገራችሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የፊንላንድ መንግሥት ከክልሉ ጋር ሆኖ የገጠር ውሃ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ አሠራሩ እንደተለመደው ነበር። ሲሚንቶውን የሚገዛው ቢሮ ነው፤ ቆፋሪ የሚቀጥረው ቢሮ ነው፤ ገበሬው ድንጋይ ያቀብላል፣ ሲያልቅ ያጨበጭባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል (ዛሬ ፀደይ ባንክ በተባለው ማለት ነው) በቀጥታ መንደሩ ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ እንዲሰጥ ተደረገ። ሲሚንቶውን የሚገዛው ኮሚቴው ሆነ። ግንበኛውን መርጦ፣ በዋጋ ተከራክሮ፣ ውል ተፈራርሞ የሚቀጥረው ኮሚቴው ሆነ። መንደሩ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያዋጣል፤ ለወደፊት ጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ያስቀምጣል። የወረዳው ባለሙያ ሥራው እጅ የሚያዩበት፣ የሚያስተምሩበትና የሚቆጣጠሩበት ሆነ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው፣ «ለገበሬ ጥሬ ገንዘብ? ይበላዋል!» ብሎ ነበር። ገበሬው አልበላውም። በዓመት የሚሠሩት የውሃ ተቋማት ቁጥር ከፊቱ በለጠ፤ ከ10 ተቋም ከ9 የማያንሱትም ሲሠሩ ተገኙ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው አሠራር ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲሚንቶውን ራሱ የገዛ ሰው ሲሚንቶ ሲጎድል ያውቃል። ግንበኛውን ራሱ የቀጠረ ሰው ግንቡ ሲሰነጠቅ የሚጠይቀውን ሰው ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ አሠራር ውስጥ መንግሥትም አለ፣ ነጋዴም አለ። ግንበኛው ለገንዘቡ ነው የሚሠራው። ቆፋሪውም እንደዚያው። ሲሚንቶና ቧንቧ ሻጩ ነጋዴ ነው። ያ በመንገድ ያስቆምነው ፓምፕ ጠጋኝም የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም፤ በእጁ ሙያ የሚያድር ሰው ነው። በሞጣና በብቸና ከተማ የፓምፕ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ ከሌለ ኮሚቴው ገንዘብ ይዞ ቢሄድ ምን ያደርጋል? ስለዚህ «ነጋዴ ከውሃ ይራቅ» የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበለውም። ነጋዴ ጎማውን ይሽጥ፤ ባለሙያ ዋጋውን ተቀብሎ ይጠግን። ጉድጓዱን፣ ቁልፉንና መዝገቡን ግን መንደሩ ይያዝ። መንግሥት ደግሞ መንደር የማይችለውን ይሥራ። ጥልቅ ጉድጓድ በማሽን ማስቆፈር፣ ውሃው መርዝ እንደሌለበት በላቦራቶሪ ማስመርመር፣ በሁለት ቀበሌ መካከል ጠብ ሲነሣ መዳኘት የመንደር አቅም አይደለም።

ሁሉን ለነጋዴ መስጠት ምን እንደሚያመጣ የታየበት አገር አለ። በደቡብ አሜሪካ ቦሊቪያ የሚባል አገር፣ ኮቻባምባ የምትባል ከተማ አለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የከተማዋ ውሃ የውጭ አገር ኩባንያዎች ለሚመሩት ማኅበር ተሰጠ። ዋጋው ወዲያው ናረ፤ በእጥፍ የጨመረበት ሰውም ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ገበሬዎችና ድሆች በደቦ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ሳይቀሩ በኩባንያው ሥር ሊገቡ ነው መባሉ ነበር። ሕዝቡ በ2000 አደባባይ ወጣ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ። በመጨረሻ ውሉ ፈረሰ፣ ኩባንያውም ወጣ። ግን ታሪኩን በዚህ ከጨረስነው ዋሽተናችኋል። ውሃው ወደ ከተማው ድርጅት ከተመለሰ በኋላም በከተማዋ ዳር የሚኖሩ ብዙ ድሆች ለረጅም ጊዜ ቧንቧ አላዩም፤ ከቦቴ መግዛታቸውን ቀጠሉ። ነጋዴውን ማባረር ብቻውን ውሃ አያመጣም።

የሕዝብ የሆነ ድርጅትስ ሊሠራ ይችላል? ይችላል። በእስያ ካምቦዲያ የምትባል አገር አለች፤ እንደኛ ብዙ ጦርነት ያየች። ዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የከተማዋ የውሃ ድርጅት ከሚያመርተው 100 ባልዲ 72ቱ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ይሰረቃል፤ ዋጋው የሚከፈለው ለቀረው ብቻ ነበር። ውሃም በቀን 10 ሰዓት ብቻ ነበር የሚመጣው። ኤክ ሶን ቻን የሚባል ሰው ድርጅቱን እንዲመራ ተሾመ። በየቤቱ ቆጣሪ አስገባ፤ ጉቦ የሚበላውን አባረረ፤ የሚሠራውን ሸለመ። የማይከፍሉት ደግሞ ድሆቹ ሳይሆኑ ትልልቆቹ ሆነው ተገኙ። የአንድ ጄኔራልን ውሃ ሊቆርጥ ቢሄድ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ተደገነበት። ሄደ፤ ታጣቂ ይዞ ተመለሰና ቆረጠው። ጄኔራሉም ኋላ ከፈለ። ከዓመታት በኋላ ከ100 ባልዲ የሚባክነው ወደ 6 ወረደ፤ ውሃውም ቀንና ሌሊት የሚፈስ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ድርጅቱ የሕዝብ ነበር።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል ከ1996 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ቧንቧው የመንግሥት ሆኖ፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ግን የግል ኩባንያ በኮንትራት ይሠራዋል።

ከሩቅ አገር ተመልሰን የራሳችንን ከተማ እንይ። ከተማ የሄደ ሁሉ ቦኖ ያውቃል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 1,000 ሊትር ነው፤ በጀሪካን ሲቆጠር 50 ጀሪካን ይሆናል። ቤቱ ቧንቧ ያለው ሰው ለዚህ የሚከፍለው በቆጣሪ ነው። ቧንቧ የሌለው ድሃ ከጎረቤት ወይም በአህያ ከሚያዞር ሻጭ ይገዛል። አንዱን ጀሪካን በ5 ብር ቢገዛ፣ 50 ጊዜ 5 ስንት ነው? ሒሳቡን በደብተራችሁ ሥሩት። 250 ብር ነው። ባለቧንቧው ለዚያው ውሃ የሚከፍለውን ከውሃ ደረሰኙ ላይ አንብቡና አስተያዩት። ለአንድ ዓይነት ውሃ ድሃው ከሀብታሙ ይበልጥ ይከፍላል። «ውሃ በነፃ መሆን አለበት» የሚሉ ሰዎች ይህን አይነግሩንም። ቧንቧ ያልደረሰው ሰው በነፃ አይጠጣም፤ በውድ ነው የሚጠጣው፤ ገንዘብ ባይከፍል እንኳ በወገቡ ይከፍላል።

አሁን ደግሞ የመንደራችሁን ሒሳብ እንሥራ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የአገሪቱ ዕቅድ ለአንድ የገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ውሃ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይገባዋል ተብሎ ነበር። በአንድ ቤት 6 ሰው ቢኖር 150 ሊትር ነው፤ ሰባት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። እናቶች፣ በቀን ሰባት ጀሪካን ተኩል ቤቱ የሚገባ ማን ነው? እጃችሁን አውጡ። እንዳሰብነው ነው፤ ማንም የለም።

በአንድ ፓምፕ 50 ቤተሰብ ይጠቀማል እንበል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 10 ብር ቢያዋጣ በወር 500 ብር ይሆናል። በዓመት 6,000 ብር። ለጎማ፣ ለጠጋኝ፣ ለጠባቂዋ እናት ትንሽ ለማሰብ፣ ለአጥር ይሆናል፤ የተረፈው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። 10 ብር የማይችሉ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ቢኖሩ መንደሩ ያውቃቸዋል፤ ነፃ ይቀዱ። መሰብሰቢያውም በእናንተ ነው። ሁሉም በየወሩ ብር አይኖረውም፤ እህል በሚደርስበት ጊዜ የዓመቱን በአንዴ መክፈል የሚሻለው ብዙ ነው። አገልግሎቱን ለማስቀጠል ገጠር የጥገናውንና የማንቀሳቀሻውን ወጪ ይሸፍን የሚለው በ1991 ዓ.ም. በወጣው የአገሪቱ የውሃ ፖሊሲም ያለ ነው። ግንባታውን ሁሉ ገበሬ ይክፈል አላለም።

«መዋጮ» ሲባል ግን ፊታችሁ እንደሚጠቁር እናያለን። አትፈረዱም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ በእነዚሁ በሞጣና በብቸና አውራጃዎች ገበሬው፣ «መሬቴ ሊቀለድ፣ ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ተነሥቷል። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ ኋላም ውዝፉን ምሮ ነገሩን አበረደ። ከናንተ ያን ጊዜ በጫካ ያደሩ አባቶች ልጆች ናችሁ። ገበሬ ገንዘብ የሚከለክለው ስስት ይዞት ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሳያይ ሲቀርም ነው። ደረሰኝ የማይቆረጥለት፣ ሒሳቡ የማይነበብለት መዋጮ ብዙ አይታችኋል። ኮሚቴ የተባለ ሁሉ የሚታመን አይደለም። ገንዘብ ያዡ የሊቀ መንበሩ የሥጋ ዘመድ ሆኖ፣ መዝገቡ በአንድ ሰው ሣጥን ተቆልፎ የቀረበትን መንደር እኛም አይተናል። እንደዚያ ያለው ኮሚቴ ስሙ የሕዝብ ይሁን እንጂ የግል ነው። እንዲያውም ጀሪካኑን በግልጽ ዋጋ ከሚሸጠው የጓሮ ሰውዬ የባሰ ነው፤ የሰውየው ዋጋ ቢያንስ ይታወቃል።

ስለዚህ ፊደል መቁጠራችሁ ከውሃ ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ድሮ ጸሐፊው አንብቦ፣ «ይኸው ሒሳቡ ተስተካክሏል» ካለ ሌላው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። ምን ላይ እንዳተመ ግን አያውቅም። አሁን መዝገቡን ተቀብላችሁ፣ «ቆይ እስቲ፣ እኔም ልየው» ማለት ትችላላችሁ።

ያ ፓምፑ የተጠገነበት መንደር ኋላ ምን እንዳደረገ ነግረናችሁ እናብቃ። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ መረጡ፤ አራቱ ሴቶች ናቸው። ገንዘብ ያዧ ሴት ናት። ከብት እንዳይገባበት ጉድጓዱን አጠሩ፤ የተደፋው ውሃ የሚሄድበት ቦይ አወጡ፤ ለከብቶቹ ከታች ራቅ አድርገው ገንዳ ሠሩ። ከጉድጓዱ በላይ በኩል ሽንት ቤት የቆፈረውን አንዱን ሰውዬ፣ ብዙ ተጨቃጭቀው፣ ወደ ታች አዛወሩት። ከጠጋኙ ጋር ተዋውለው፣ መለዋወጫ ጎማ ሁለት ገዝተው በገንዘብ ያዧ ቤት አስቀመጡ። ያ በጓሮው ጉድጓድ ያለው ሰውዬ ደግሞ ከጠጋኙ ሥር ሆኖ ፓምፕ መፍታት ተማረ። አሁን ለትናንሹ ብልሽት የሚጠራው እሱ ነው፤ ለድካሙም በተስማሙበት ዋጋ ይከፈለዋል። ጓሮው ያለውን ጉድጓዱን ማንም አልነካበትም።

በስድስተኛው ወር ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተነበበ። ሁለት ሦስት ሰዎች እያቀባበሉ አነበቡት። ከመካከላቸው አንዷ፣ ከነዚያ ማታ ትምህርት አቋርጠው ከነበሩት እናቶች የሆነች፣ ጣቷን መሥመሩ ላይ አድርጋ ቆመች። «እዚህ 40 ብር ይጎድላል» አለች። ሊቀ መንበሩ፣ «ተይ እታለም፣ ትክክል ነው» አላት። አልተወችም። ደረሰኞቹ ከከረጢቱ ወጡ፤ አንድ በአንድ ተቆጠሩ። 40 ብሩ ለአጥር ሚስማር የተከፈለ ነበር፤ ደረሰኙ አለ፣ መዝገብ ላይ ግን ሳይጻፍ ተዘልሏል። ገንዘብ ያዧ እስክሪብቶ ተቀብላ እዚያው በሰው ፊት ጻፈችው።